«አሠሪዬ ይከሰኝ ይሆን?» ጥያቄና መልስ

ለቱሉ ዲምቱ፣ ለኮዬ ፈጬና ለገላን ልጆች፦ ከተቀጠራችሁበት ወጥታችሁ ያንኑ ሥራ ለራሳችሁ ስለመጀመር በዚህ ግሩፕ ጠይቁኝ። ጠበቃ ነኝ። ውላችሁን ሳታነቡ ግን አትምጡ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮዬ አልሙኒየም ቤት ነበርኩ። እዚያው ሰፈር የራሴን ብከፍት ይከሱኛል?

መልስ፦ «ከወጣሁ በኋላ ተመሳሳይ ሥራ አልሠራም» ብለህ ፈርመሃል? ካልፈረምክ መክፈቱ ብቻውን አያስከስስም። ብትፈርምም የተጻፈው ሁሉ አይጸናም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ክልከላው የአሠሪውን ተገቢ ጥቅም የሚጠብቅ፣ በጊዜ፣ በቦታና በሥራ ዓይነት የተወሰነ እንዲሆን ይፈልጋል። «ዕድሜ ልክህን አልሙኒየም እንዳትነካ» የሚል ከሆነ የምትከራከርበት አለህ። «ለአንድ ዓመት፣ ኮዬ ውስጥ» ካለ ግን ቀልድ የለም። ውሉን አንብብ።

ጥያቄ፦ ንግድ ፈቃድ ስንት ቀን ይፈጃል?

መልስ፦ ወረዳ ሄደህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የደንበኞቹ ስልክ እኔ ጋ አለ። ብደውልላቸውስ?

መልስ፦ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሙያህ ያንተ ነው፤ ፕሮፋይል (የአልሙኒየሙን ዘንግ) መቁረጥ የለመደ እጅህን ማንም አይቀማህም። የልኬት ደብተሩ፣ ለደንበኛ የወጣው ፕሮፎርማ፣ ዕቃ የሚያስመጣበት ዋጋ ግን የድርጅቱ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሌላውን ነጋዴ መረጃ ያለ ፈቃዱ፣ ከቅን የንግድ አሠራር ውጭ መጠቀምን ተገቢ ያልሆነ ውድድር ይለዋል። ልትወጣ ስትል ፕሮፎርማውን ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ለራስህ የላክ እንደሆነ ደግሞ ማስረጃውን በገዛ እጅህ ሰጠህ። ደንበኛው ራሱ ፈልጎህ ከመጣ ሌላ ነገር ነው።

አባል፦ ባለቤቱ ራሱ ከሰው ቤት ወጥቶ አይደል የከፈተው?

ሌላ አባል፦ እና? ያሠለጠነህ እሱ ነው። እንጀራውን በልተህ...

አባል፦ በነፃ አሠለጠነኝ? ሲመሽ ትርፍ ሰዓት እንኳ አይከፍልም ነበር!

መልስ፦ ይሄን ቡና ላይ ጨርሱት። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ የእነሱን ስም ይዤ ከፊቱ «አዲሱ» ብልበትስ?

መልስ፦ ደንበኛ እንዲምታታበት አይደል? አይሆንም። ይኸው አዋጅ ይከለክላል።

ጥያቄ፦ ሳላሳውቅ ብወጣስ?

መልስ፦ የሙከራ ጊዜህን ከጨረስክ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጣለህ። ሳትሰጥ ከወጣህ ካሳው ከ30 ቀን ደመወዝህ አይበልጥም። የባሰው፣ ደመወዝ እየበሉ በጎን ለራስ ትዕዛዝ መቀበል ነው። እሱን አታድርጉ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ያስከስሳል ወይስ አያስከስስም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ያለውን አንብብ። ውልህንም።

የኮዬው፦ ጋሼ፣ ውሉን አገኘሁት። «ለሁለት ዓመት፣ አዲስ አበባና ዙሪያዋ» ይላል።

መልስ፦ ፎቶውን ለብቻዬ ላክልኝ። የማሽን ቀብድ አልከፈልክም አይደል?

የኮዬው፦ ትናንት ከፈልኩ።