መርዶ በእግሩ ይመጣ ነበር

ልጆቼ፣ ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ዝናቡ ዘንድሮ እዚህ ጎንደር በጊዜው ገብቶልናል። ይህን ሁሉ ዘልላችሁ ወደ ጉዳዩ መሄድ የምትፈልጉ ካላችሁ ዝለሉት፤ እኔ ግን እመለስበታለሁ።

ከ1965 እስከ 1997 ዓ.ም. በዚሁ ከተማ የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። ዛሬ ስልክ ከኪስ ይወጣል፤ ያኔ ሰው ነበር ወደ ስልክ የሚሄደው። ከደባርቅ ወይም ከጭልጋ የመጣ ገበሬ ጋቢውን ተከናንቦ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራውን ይጠብቃል። አዲስ አበባ ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የወንድሙን ድምፅ ስትሰጠኝ «ቁጥር ሁለት ይግቡ» እለዋለሁ። ሒሳቡ የሚታሰበው በሦስት ደቂቃ ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱ «እንደምን ናችሁ» በማለት ያልቃሉ። ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ጎረቤቱ አንድ በአንድ ይጠየቃሉ። ማዳመጥ ክልክል ነው፤ ነገር ግን መስመሩ መሥራቱን ለማረጋገጥ ገባ ወጣ እንል ነበር። ከዚህ በላይ አታናዝዙኝ።

ወጣት ሳለሁ ይህ ነገር ይገርመኝ ነበር። እህሉን ሸጦ ያገኘውን ገንዘብ ለሰላምታ የሚከፍል ሰው ምን ነካው እል ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ደውለው ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሮ አየሁና «ጉዳይዎን ነገሩት አባቴ?» አልኳቸው። «የለም፤ ድምፁ ደስ አላለኝም። ለሌላ ጊዜ» ብለው ሒሳባቸውን ከፍለው ሄዱ። ያን ቀን ገባኝ። በሰላምታው ውስጥ ልጃቸውን እየመዘኑት ነበር። ታሟል? ተከፍቷል? አጠገቡ ሰው ቆሟል? የያዝኩትን ይሸከምልኛል? ሚዛኑ «አይችልም» ሲላቸው ጉዳያቸውን ይዘው አገራቸው ተመለሱ።

እናንተ ይህን ሚዛን ነው የጣላችሁት። ስትጽፉ ሰላምታ የላችሁም፤ ብትጽፉትም ድምፅ የለውም። «እሺ» የምትለዋን ቃል ብቻ ውሰዱ። በአንደበት ሲሆን ደስ ያለው «እሺ» አለ፤ የተቆጣ «እሺ» አለ፤ «ደክሞኛል፣ ተወኝ» የሚል አለ፤ አንዳንዱም «ቆይ፣ አገኝሃለሁ» ነው። ሁሉንም ጆሮ ይለያቸዋል። በመልእክት ስትመጣ ግን ሁለት ፊደል ብቻ ናት፤ አንባቢው በዚያች ሰዓት ባለው ስሜት ያነባታል። የልጅ ልጄ ከእጮኛው ጋር ሦስት ቀን የተኳረፈው በዚህች በአንዲት «እሺ» ነው። እኔ ከመሃል ገብቼ «ደውልላት» ባልለው ኖሮ ሽማግሌ ልንልክ ነበር። ስለዚህ ጠብ በጽሑፍ አታብርዱ። ደውሉ፤ ከተቻለም ሂዱ።

ስልካችሁን ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። ሞባይል አዲስ አበባ ላይ በ1991 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር «እንጀራችን አለቀ» ካሉት ባልደረቦቼ ጋር አልነበርኩም። የድሮው ነገር ሁሉ ማር አልነበረም። ፒያሳ ጣልያን በሠራው ፖስታ ቤት ደጃፍ ስንት እናት ተመላልሳ ባዶ እጇን እንደተመለሰች አይቻለሁ፤ የደብዳቤ መጥፋት የልጅ መጥፋት ሆኖባት። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለወራት ሳይመለስ ሲቀር ደግሞ አንዳንድ እኩዮቼ ደስ ብሏቸው «ልጆቻችን ቀና ብለው ማየት ጀመሩ» ይሉ ነበር። እውነት ነው፤ የእኛም ቤት ልጆች ወንበራቸውን ወደ ግቢ አውጥተው ቡና ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤቴ ግን ልጇ ዓረብ አገር ናት። በኢሞ ካልሆነ አትደውልላትም፤ የቀጥታው ጥሪ ደመወዟን ይበላዋል። ያቺ ሴት በእነዚያ ወራት ቡናዋን የጠጣችው በሩን እያየች ነው።

እንግዲህ ስለ መርዶ ልንገራችሁ።

በሠላሳ ሁለት ዓመት ሥራዬ «ሞተ» የሚለው ቃል በመስመር ሲሻገር የሰማሁት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። ማንም አልከለከለም፤ ሰዉ ራሱ ነው የማያደርገው። «እናትህን አሟቸዋል፣ ና» ይባላል፤ ወይም የሚደወለው ለባለ ጉዳዩ ሳይሆን እዚያው ላለ ዘመድ ነው። ዘመድ ዕድሩን ይጠራል፣ ሽማግሌ ይፈልጋል። ሰውየው ማታ እራቱን በልቶ እንዲተኛ ይተዉታል። ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። ገና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የቆሙትን ሲያይ ግማሹን ያውቀዋል፤ ሌላውን ሲነግሩት ጎረምሶቹ ግራና ቀኝ ቆመዋል። ምክንያቱም ሰው መርዶ ሲሰማ ይወድቃል። በምሳሌ አይደለም የምላችሁ፤ መሬት ላይ ይወድቃል፣ ራሱን ከግድግዳ ያጋጫል። የሚይዘው እጅ ያስፈልገዋል። ስልክ ደግሞ፣ እኔ ነኝ የምነግራችሁ፣ እጅ የለውም።

አምና ሐምሌ ላይ ወንድሜ አረፈ። ልጁ ባሕር ማዶ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት በሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን ተጠራርተው፣ ከሥራ ወጥታ እንቅልፍ ካገኘች በኋላ ሊነግሯት ቀጠሮ ይዘው ነበር። ሁሉም ነገር እንደ ወጉ ነበር። እኔ ከቀብር መልስ ብቻዬን ተቀምጬ የቤተሰቡን የቴሌግራም መልእክት መቀባበያ ከፈትኩና «ወንድሜ፣ ነፍስህን በገነት ያኑራት» ብዬ ጻፍኩ። ላክሁት። እሷም እዚያው ውስጥ እንዳለች ትዝ አላለኝም። ወይም ትዝ ብሎኝ «እስካሁን ተነግሯታል» ብዬ ይሆናል፤ ዛሬም ለራሴ እርግጡን መናገር አልቻልኩም። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይሉ ነበር እናቴ። ከጣት የወጣውማ አፋፉን ተሻግሮ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ አንዲት ልጅ የሰው አልጋ ስታነጥፍ አገኛት። ማንም አልያዛትም።

ያን ሁሉ ዘመን ሰው ከሰው ሳገናኝ የኖርኩት እኔ ነኝ ይህን ያደረግሁት። ስለዚህ «ወጣቶች ተበላሹ» የሚለውን ስብከት ከሌላ ሰው ጠብቁ። እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከባድ ነገር ስትልኩ ከመንካታችሁ በፊት ያ ሰው አሁን የት ቆሞ እንደሚያነበው፣ አጠገቡስ ማን እንዳለ አስቡ። ካላወቃችሁ አትላኩ። አጠገቡ ላለ ሰው ደውሉ፤ ያ ሰው በእግሩ ይሂድ።

በሦስተኛው ቀን ደወለችልኝ። ምስል አልከፈተችም። «ሃሎ» ካልኩ በኋላ መስመሩ ዝም አለ። ሥራ ላይ ሳለሁ መስመር ዝም ሲል «ይሰማል?» ማለት ልማዴ ነበር፤ ቃሉ ምላሴ ላይ መጣ፣ ዋጥኩት። ትንፋሿን እሰማለሁ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አልቆጠርኩም።

«እትዬ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «ለጤናዎ እንደምን ነዎት? ጉልበትዎ እንዴት ነው?»

ስለ ጉልበቴ ነገርኳት። ዝናቡ ገባ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ገብቷል አልኳት። ስለ ጎረቤቶቹ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ ግቢው ኮክ ጠየቀችኝ፤ ሁሉንም አንድ በአንድ መለስኩላት። አባቷን ያነሳነው ከዚያ በኋላ ነው።