ከአገር አገር ለምትዞሩ ወጣት ተመራማሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

«ልጆቼ» ስላችሁ ቅር አይበላችሁ፤ ዕድሜዬ ይፈቅድልኛል። ከመካከላችሁ ብዙዎቹ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን እያገባደዱ ነው፤ ሌሎቹ የመጀመሪያውን የድኅረ ዶክትሬት ውል ፈርመው ገና ዕቃቸውን ሳይፈቱ ቀጣዩ የት ይሆን ማለት ጀምረዋል። ሁልጊዜ የምትጠይቁኝም «የትኛው አገር ይሻለኛል?» ብላችሁ ነው። ይህን ልመልስላችሁ አልችልም። መልሼ የምጠይቃችሁ ግን አለኝ፤ የምትሄዱት ምርምሩ ስለጠራችሁ ነው ወይስ ውላችሁ ስላለቀ? ሁለቱም በቂ ምክንያት ናቸው። አንዱን በሌላው ስም እየጠራ የሚኖር ተመራማሪ ግን ዓመታት ካለፉ በኋላ ምን ፈልጎ ምን እንዳገኘ ለራሱ ማስረዳት ያቅተዋል።

መለየቱን ከባድ ያደረገው ሙያችን ራሱ ነው። ከአገር አገር መዞር በእኛ ዘንድ እንደ ትጋት ይቆጠራል፤ አንድ ቦታ የቆየ ሰው ሰነፍ ወይም ፈሪ ይመስላል። አብዛኛው ዝውውር የሚመጣው ግን ከደንብ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የሚሰጠውን የማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ የድኅረ ዶክትሬት ድጋፍ ተመልከቱ። አመልካቹ ከማመልከቻው ማብቂያ ቀን በፊት በነበሩት 36 ወራት ውስጥ በሚሄድበት አገር ከ12 ወር በላይ ኖሮ ወይም ሠርቶ ከሆነ አይፈቀድለትም። ጀርመን ደግሞ አንድ ተመራማሪ ከዶክትሬት በኋላ በዩኒቨርሲቲ በጊዜያዊ ውል የሚቆይበትን ዘመን በሕግ ወስናለች፤ 6 ዓመት፣ ለሕክምና 9 ዓመት ነው፤ ልጅ ለሚያሳድግ ይራዘማል። አሜሪካ በጄ-1 (የልውውጥ ጎብኚዎች) ቪዛ የሚገባን ተመራማሪ ቢበዛ 5 ዓመት ታቆያለች። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ወደ አገራቸው ተመልሰው 2 ዓመት ሳይኖሩ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ማግኘት አይችሉም። በዚህ ግዴታ የሚያዘው ማን እንደሆነ የሚወሰነው ከምክንያቶቹ ዋነኞቹ በሆኑት በገንዘቡ ምንጭና በሙያው ዓይነት ስለሆነ፣ ወረቀቱን ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት።

ደንቦቹን ያወጡት ሰዎች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ አንዳንዱም ጥሩ ምክንያት ነው። ውል አልቆ ስትሰናበቱ ግን በችሎታችሁ ላይ ፍርድ የተሰጠ አይምሰላችሁ። የደንብ ጉዳይ መሆኑን ሳይረዳ አንገቱን ደፍቶ የወጣ ስንት ጎበዝ ልጅ አይቻለሁ።

የቀደሙትም ቢሆኑ በአንድ ምክንያት አልዞሩም። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሒሳብ ሊቁ ሌኦንሃርድ ኦይለር በ1727 ባዝል ውስጥ ለፊዚክስ መምህርነት አመልክቶ ሳይሳካለት ቀረና ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ሄደ። በ1741 ወደ በርሊን ሲሻገር ሩሲያ ውስጥ የነበረው ትርምስ ገፍቶት ነበር፤ በ1766 ደግሞ ከፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክ ጋር አልስማማ ብሎት ወደ ፒተርስበርግ ተመለሰ። እኔን የሚገርመኝ መሀል ላይ ያለው 25 ዓመት ነው። በርሊን ተቀምጦ ለፒተርስበርጉ አካዳሚ ጽሑፍ መላኩን አላቋረጠም፤ አካዳሚውም ይከፍለው ነበር። እናንተም የለቀቃችሁትን ቤተ ሙከራ እንዲህ ያዙት። የጀመራችሁትን ጽሑፍ ሳይጨረስ ጥላችሁ አትሂዱ፤ ጊዜ አልበቃ ካላችሁም በሄዳችሁበት ሆናችሁ ጨርሱት። አዲሱ አለቃችሁ ደስ አይለው ይሆናል፤ ይቻለው።

የጀርመናዊቷ የሒሳብ ሊቅ የኤሚ ኖተር ጉዞ ሌላ ነው። በ1933 ናዚዎች አይሁዳዊት በመሆኗ ከጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ አባረሯት፤ አሜሪካ የሚገኘው ብሪን ማውር ኮሌጅ ተቀበላት፤ በ1935 እዚያው አረፈች። ተባሮ የሄደውንና መርጦ የሄደውን አንድ ላይ ቆጥሮ «ታላላቆቹም ዞረዋል» የሚል ክርክር ስሰማ ያናድደኛል።

የኮከቦችን ፊዚክስ ያጠናውን ሱብራማንያን ቻንድራሴካርን ደግሞ ለተማሪዎች ደጋግሜ አነሣዋለሁ። በ1930፣ ገና 19 ዓመቱ ሳለ፣ ከሕንድ ወደ እንግሊዝ በመርከብ ሲጓዝ ነው ነጭ ድንክ የሚባሉት፣ ነዳጃቸውን የጨረሱ ኮከቦች መጠነ ቁሳቸው ከተወሰነ ልክ ማለፍ እንደማይችል ያሰላው። ልኩ ዛሬ ከፀሐይ 1.4 እጥፍ ገደማ መሆኑ ይታወቃል። በ1935 ለንደን ላይ ታዋቂው የሥነ ፈለክ ሊቅ አርተር ኤዲንግተን ሐሳቡን በሰው ፊት አጣጣለበት። በ1937 ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ በ1995 እስኪሞት ድረስ ያንን ተቋም አልለቀቀም። በየዐሥር ዓመቱ ገደማ ግን የምርምር ርዕሱን ይቀይር ነበር፤ አንዱን ጉዳይ በሚገባ አጥንቶ፣ መጽሐፍ ጽፎበት፣ ወደ ሌላው ይሻገራል። አዲስ ነገር ለማየት የግድ አዲስ አገር እንደማያስፈልግ ከእርሱ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

አሁን ወደ ጉባኤዎች ልምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ፤ ገንዘባችሁም ጉልበታችሁም በብዛት የሚያልቀው በዚህ ነውና።

ትልልቆቹ ጉባኤዎች ለጀማሪ መታያ አይሆኑም። የአሜሪካ ጂኦፊዚክስ ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ ከ20,000 በላይ ሰው የሚመጣበት ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ በብዙ አዳራሾች ንግግር ይካሄዳል፤ የእናንተ ጥቂት ደቂቃዎች መጥተው ሲሄዱ ማንም ልብ አይልም። እንዲህ ያለው ቦታ የሚጠቅመው ሥራ ለሚፈልግና አስቀድሞ ቀጠሮ ለያዘ ሰው ነው። ስለዚህ ከጉባኤው አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ሦስት ወይም አራት ሰው ምረጡ፤ የቅርብ ጊዜ ሥራቸውን አንብቡ፤ ከዚያ አንድ የተወሰነ ጥያቄ ይዛችሁ አጭር ኢሜይል ጻፉላቸው። «ስለ ሥራዎ ብንወያይ ደስ ይለኛል» የሚል ደብዳቤ መልስ አያገኝም። «በሦስተኛው ሥዕል ላይ ያለው መስመር ከዚህ ሙቀት በታች ለምን ታጠፈ?» የሚል ያገኛል። ንግግርና ፖስተር (ሥራችሁን አትማችሁ ግድግዳ ላይ የምትለጥፉት ወረቀት) ካማረጧችሁም ለጀማሪ ፖስተር ይሻላል ባይ ነኝ፤ ብዙ ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም። ንግግር ላይ ሰው ያዳምጣችኋል፤ ፖስተር ፊት ቆሞ ግን ይከራከራችኋል።

ትንንሾቹ ስብሰባዎች ላይ ግን ዕድሉን ካገኛችሁ ተበድራችሁም ሂዱ። በ1911 ብራስልስ የተደረገው የመጀመሪያው የሶልቬይ ጉባኤ የሁለት ደርዘን ሰዎች ያህል ስብሰባ ነበር፤ የኳንተምን ጉዳይ ግን የመላው ፊዚክስ ጉዳይ አደረገው። በጎርደን የምርምር ጉባኤዎች ላይ የተነገረ ነገር ያለተናጋሪው ፈቃድ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ስለዚህ ሰው ገና ያላሳተመውን ውጤት፣ ያልተሳካለትን ሙከራ ጭምር ያወራል። ከሰዓት በኋላውም ነፃ ነው። ጀርመን ውስጥ በጥቁር ደን ያለው የኦበርቮልፋክ የሒሳብ ተቋም ደግሞ በምግብ ሰዓት የመቀመጫ ቦታን በዕጣ ያደርገዋል፤ የዘርፉ አንጋፋና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ይህን ያሰበ ሰው ሽልማት ይገባዋል። በእንዲህ ያለ ቦታ ከመጡበት ቡድን ጋር ብቻ ተቀምጠው የሚመለሱ ወጣቶች አሉ፤ ምነው ቤታቸው በተቀመጡ እላለሁ።

ደግሞ እምቢ ማለትን ልመዱ። ውላችሁ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው የሚመጣ የጉባኤ ግብዣ ያስደስታል፤ ግን ለቀጣዩ ሥራ የሚያበቃችሁ የታተመ ሥራ እንጂ የተሰማ ንግግር አይደለም። የፊዚክስ ሊቁ ፖል ጊንስፓርግ የምርምር ጽሑፎች በኢንተርኔት በነፃ የሚለጠፉበትን አርካይቭን በ1991 ከጀመረ ወዲህ አንድ ጽሑፍ ያለ ሻንጣና ያለ ቪዛ በአንድ ቀን ዓለምን ያዳርሳል። ሰውነታችሁንም አስቡ። የሰዓት ልዩነትን ሰውነት የሚለምደው በቀን በአንድ ሰዓት ልክ ገደማ ነው፤ ወደ ምሥራቅ ሲበሩ ይበልጥ ይከብዳል። በደረሳችሁ ማግስት ጠዋት ንግግር አትቀበሉ። አውሮፕላን የሚለቀውን ጭስ እያሰባችሁ በባቡር የምትጓዙትንም አከብራችኋለሁ፤ ወንዝና ተራራ እያዩ ማሰብ እኔም እወዳለሁ።

ፓስፖርታችሁ በየድንበሩ ጥያቄ የሚያስነሣ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እንዲህ ያለ ፓስፖርት ሌሎች የማያውቁትን ተጨማሪ ሥራ ያመጣል። ሃንጋሪያዊው የሒሳብ ሊቅ ፖል ኤርዶሽ በ1954 ከአሜሪካ ወጥቶ አምስተርዳም በተደረገው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ ተገኘ። ሊመለስ ሲል የመግቢያ ቪዛ ተከለከለ፤ እንደ ልቡ ለመግባት ዓመታት ጠበቀ። ስለዚህ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ በእድሳት ላይ ሳለ ከአገር አትውጡ፤ የመመለሻ ሰነድ በእጃችሁ ካልገባ ማንም የሚሰጣችሁን የቃል ማረጋገጫ አትመኑ። ለአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የሚያገለግለውን የሸንገን ቪዛ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ማመልከት ይቻላል፤ ማመልከቻው የሚገባውም በሕግ በምትኖሩበት አገር ባለው ቆንስላ ነው። የቆይታው ገደብ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ስለሆነ፣ በበጋ ሁለት የሥራ ጉብኝት ያደረገ ሰው ለመጸው ጉባኤ ቀን ሊያጥረው ይችላል። ከጥሪ ደብዳቤው ላይ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በግልጽ ይጻፍ። አንድ ጊዜ የእኔ ቪዛ የደረሰኝ ጉባኤው ከተበተነ በኋላ ነው፤ የምዝገባ ገንዘቤን ግን አልመለሱልኝም። ከዚያ ወዲህ «ቪዛ ቢከለከል ትመልሳላችሁ ወይ?» ብዬ ሳልጠይቅና በጽሑፍ ሳይመልሱልኝ ከፍዬ አላውቅም።

ስለ ጡረታ ስናገር ወጣቶች ፈገግ ይላሉ። ፈገግ በሉ፤ ግን ስሙኝ። ጀርመን ውስጥ የጡረታ መብት ለማግኘት ቢያንስ 5 ዓመት መክፈል ያስፈልጋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መካከል የተከፈለው ዘመን ስለሚደመር ሦስት ዓመት እዚህ ሁለት ዓመት እዚያ ማለት አይጠፋም፤ ከኅብረቱ ውጭ ግን ይህ በየአገሮቹ ስምምነት ላይ ይወሰናል። አሜሪካ ግብር ከተከፈለበት የሥራ ገቢ የሚገኝ 40 ነጥብ ትጠይቃለች፤ በዓመት የሚገኘው ቢበዛ 4 ነጥብ ነው። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ደመወዝ ሳይሆን ድጎማ ተብሎ የሚሰጥ ገንዘብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከእርሱ ለጡረታ የሚቆረጥ የለም። ሁለት ግብዣ ሲቀርብላችሁ የወሩን ገንዘብ ብቻ አታነጻጽሩ። የየአገሩን የደመወዝ ወረቀትና የኢንሹራንስ ቁጥር በአንድ ቦታ አስቀምጡ፤ ተቋሙ ስሙን ሊቀይር፣ ያወቃችሁ ጸሐፊም ጡረታ ሊወጣ ይችላል።

አሁን ስለምጽፈው ለመጻፍ ይከብደኛል፤ አብሯችሁ ስለሚሄደው ሰው። እናንተ በሄዳችሁበት ቤተ ሙከራ፣ ባልደረባና የሚከበር ስም ይጠብቃችኋል። የትዳር ጓደኛችሁን የሚጠብቀው ባዶ ቤትና የማያውቀው ቋንቋ ነው። ሕጉም ከአገር አገር፣ ከቪዛ ቪዛ ይለያያል፤ አሜሪካ ውስጥ የጄ-2 ቪዛ ያለው፣ ማለትም የጄ-1 ተመራማሪ የትዳር ጓደኛ፣ የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፣ የኤች-4 ቪዛ ያለው፣ ማለትም በኤች-1ቢ የሥራ ቪዛ የገባ ሰው የትዳር ጓደኛ፣ ግን በአብዛኛው አይችልም። ይህ ከመሄዳችሁ በፊት የሚጠየቅ ነው። «አንድ ነገር አይጠፋም» ብሎ የሄደ ባልና ሚስት ስንት አይቻለሁ፤ አንድ ነገር እስኪገኝ የሌላኛው ሙያ ዝጎ ያልቃል። አንዳንድ የማውቃቸው ጥንዶች ተራ ይገባሉ፤ አንዱ ዝውውር ለአንዱ ሥራ፣ ቀጣዩ ለሌላው። ፍጹም አይደለም፤ ተራው ሲደርስ የሚያንገራግር አለ። ቢሆንም ከዚህ የተሻለ ሥርዓት አላየሁም።

ቋንቋውንም ተማሩ። ቤተ ሙከራ ውስጥ እንግሊዝኛ ይበቃችኋል። ሆስፒታል፣ የልጅ ትምህርት ቤትና የግብር ቢሮ ግን አይበቃም፤ በእነዚያ ቦታዎች ሁሉ አስተርጓሚ የሚለምን ሰው አሥር ዓመት ቢኖርም እንግዳ ነው።

መመለስ አለብን ወይ ለምትሉኝ፣ የፓኪስታናዊውን የፊዚክስ ሊቅ የአብዱስ ሰላምን ታሪክ እነግራችኋለሁ። በ1951 ከካምብሪጅ ወደ ላሆር ተመለሰ። የሚያወያየው ባልደረባ አልነበረም፤ ከዘርፉ ተቆርጦ ቀረ፤ በ1954 ተመልሶ ወደ ካምብሪጅ ሄደ። በዚህ ግን አላበቃም። በ1964 ትሪየስቴ፣ ጣሊያን ላይ ዓለም አቀፉን የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል አቋቋመ፤ ለታዳጊ አገሮች ተመራማሪዎችም በአገራቸው ሥራቸውን እንደያዙ በየጊዜው መጥተው ለሳምንታት ወይም ለወራት የሚሠሩበትን አሠራር ዘረጋ። እርሱ የገጠመው ምርጫ፣ ወይ አገርህን ወይ ፊዚክስህን የሚለው፣ ሌላ ሰው እንዳይገጥመው ነበር ሐሳቡ። አሠራሩ ዛሬም አለ። ተመልሳችሁ ማስተማር የምትፈልጉ፣ ግን ከዘርፉ መራቅን የምትፈሩ፣ መጀመሪያ እርሱን ተመልከቱ። ለማመልከት ከወሰናችሁ የምርምር ዕቅዳችሁን ላኩልኝና አነብላችኋለሁ፤ ከሁለት ገጽ ግን አታሳልፉት፣ ዐይኔ እንደ ድሮው አይደለም።