“እኔ ማሽኑን ነው ያከራየሁት” እና ሌሎች ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ግማሾቹ ስለ ቡና መፈልፈያ፣ ግማሾቹ ስለ ጠመንጃ ናቸው። ለጅማ ሰው ብዙም አይገርምም። አንዱ ጓሮ ውስጥ ይጮኻል፣ ሌላው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሲበላሹ ግን የሁለቱም ባለቤት ቀድሞ የሚያስበው ቶርኖ ቤት፣ ማለትም ብረት እያዞረ በሚቆርጥ ማሽን የሚሠራበት ቤት ነው። እኔም ከሃያ ዓመት በላይ ቶርኖ ላይ ስለቆምኩ ጥያቄው ዞሮ ዞሮ ወደ እኔ መጣ። እንደ አመጣጣቸው ልመልስ።

“አባታችን ትተውልን ያለፉት አሮጌ ምንሽር አለ። ቃታው ጋ ያለች አንዲት ትንሽ ብረት ተሰብራለች። መርካቶ አካባቢ ያለ ቶርኖ ቤት ‘ናሙናውን አምጣ፣ በአንድ ቀን ትወጣለች’ አለኝ። ልውሰድለት?” (ከሕርማታ)

አትውሰድለት። ልጁ አልዋሸህም፣ ብረቷ በአንድ ቀን ትወጣ ይሆናል። ግን ጠመንጃ መሥራትም ሆነ መጠገን ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1177፣ ነገሩን ጠበቅ አድርጎታል። የቶርኖ ቤት ንግድ ፈቃድ ብረት እንድትቆርጥ እንጂ መሣሪያ እንድትጠግን አያስችልም። ቢያዝ አንተም እሱም አብራችሁ ነው የምትጠየቁት።

ሌላም ነገር አለ። ከመጠገኑ በፊት ጠመንጃው በማን ስም ነው? ፈቃዱ የአባትህ ከነበረ ከእሳቸው ጋር አብቅቷል። ፈቃድ እንደ ቤትና እንደ ቡና ማሳ በቀጥታ አይወረስም። ወረቀቱን ይዘህ መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሂድና ጠይቅ። ጠመንጃውን ራሱን ትከሻህ ላይ አንግተህ አይደለም ታዲያ፤ ወረቀቱን ብቻ።

በነገራችን ላይ እኔም ጋ እንዲህ ዓይነት ሰው መጥቶ ያውቃል። በጋዜጣ የተጠቀለለች ትንሽ ብረት አወጣና “የልብስ ስፌት መኪና ናት” አለኝ። እናቴ ሲንጀር ነበራት፤ ልጅ ሆኜ ስንቴ ፈትቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ውስጡ አይቼ አላውቅም። ጠቅልዬ መለስኩለት። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

“ትንሽ ቶርኖና ፍሬዛ አለኝ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ማሽኑን በሰዓት አከራያለሁ። የሚመጣው ሰው ራሱ ቆርጦ ራሱ ይሄዳል። አሁን አንድ ደንበኛ የሚሠራውን በጨርቅ እየሸፈነ ያስቸግረኛል። እኔ ማሽኑን ነው ያከራየሁት፣ ምን ያገባኛል?” (ከቆጪ)

ያገባሃል እንጂ! ጨርቁ ራሱ መልስ ነው። የፑሌጃ፣ የማሽን ቀበቶ የሚዞርበትን ጎማ፣ ቀዳዳ የሚያሰፋ ሰው ምን ይሸፍናል?

ይቺን ብልጠት አሜሪካኖቹም ሞክረዋታል። እዚያ አገር ግለሰብ ለራሱ ጠመንጃ እንዲሠራ የፌዴራሉ ሕግ በአብዛኛው ይፈቅዳል። ማሽን የሌላቸው ሰዎች ታዲያ ያላለቀ የጠመንጃ አካል ይዘው ማሽን ቤት ይሄዳሉ። ባለቤቱ ብረቱን ያስራል፣ ፕሮግራሙን ይጭናል፣ ደንበኛው ደግሞ ቁልፏን ብቻ ይጫናል። ከዚያ “የሠራው እሱ ነው፣ እኔ ማሽን ነው ያከራየሁት” ይባላል። ኤቲኤፍ የሚባለው የፌዴራል ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ይህን ቀዳዳ ደፈነው። ማሽኑን እያቀረበ የሌላ ሰው ጠመንጃ እንዲያልቅ የሚያደርግ ነጋዴ፣ ቁልፉን ማንም ይጫን ማን፣ እንደ አምራች ይቆጠራል፤ ፈቃድም ያስፈልገዋል ሲል ወሰነ። ጠመንጃ በየሱቁ በሚሸጥበት አገር እንዲህ ከተባለ የእኛን አንተው ገምት።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ደብተር ያዝ። ማን መጣ፣ ምን ቆረጠ፣ ስንት ሰዓት ቆየ። ሥራውን ላሳይህ የማይል ሰው ማሽንህን አይንካ። ኪራዩ ቢቀርብህ የአንድ ቀን ምሳ ነው።

“የእህቴ ልጅ ቴክሳስ ነው ያለው፣ የኮምፒውተር ማሽን ላይ ይሠራል። አሁን ሱቃቸው ከጠመንጃ ፋብሪካ ሥራ ተቀብሏል አለኝ። እንቅልፍ አጣሁ። ልጁን ያስሩብኛል ወይ? ደግሞ ‘እናንተ ጋ ርካሽ ስለሆነ ሥዕሉን ልላክና ጅማ አሠሩልኝ’ ብሎ ይቀልዳል።” (ከጅሬን)

እትዬ፣ መጀመሪያ ይተኙ። እዚያ አገር ፋብሪካ ሥራውን ለሌላ ሱቅ ማካፈሉ የተለመደ ነው፤ ሕጋዊም ነው። ጥያቄው ልጁ የሚቆርጠው የትኛውን ብረት ነው የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የጠመንጃ ቁጥጥር ሕጋቸው “ጠመንጃ” የሚለው ሙሉውን መሣሪያ ብቻ አይደለም። ሌሎቹ ክፍሎች የሚገጠሙበት ዋናው አካል ለብቻውም ጠመንጃ ነው። ባዶውን ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጡት ተራ ብረት ይመስላል። በሕግ ግን እሱ ነው ጠመንጃው፤ መለያ ቁጥሩም የሚቀረጸው እሱ ላይ ነው። የልጁ ሱቅ ይህን አካል የሚሠራ ከሆነ ሱቁ ራሱ የአምራች ፈቃድ ያስፈልገዋል። “ሥራውን የሰጠን ፋብሪካ ፈቃድ አለው” ማለት አያድንም። የጎረቤት ጃንጥላ እርስዎን ከዝናብ አያስጥልም። ፈቃዱ ውድ አይደለም፤ ለሦስት ዓመት 150 ዶላር ነው። ሸክሙ መዝገቡ ላይ ነው። እያንዳንዱ አካል መቼ ገባ፣ ከማን መጣ፣ መቼ ወጣ፣ ለማን ሄደ፣ ሁሉም ይጻፋል። ተቆጣጣሪ መጥቶ አንዷ ብትጎድልበት ጉድ ነው።

ቁጥሩም በቀለም ተጽፎ አይታለፍም። ቅርጹ ቢያንስ 0.003 ኢንች መጥለቅ አለበት፤ በእኛ 0.076 ሚሊሜትር ገደማ፣ የአንድ ፀጉር ውፍረት ያህል። ፊደሉም ከ1.6 ሚሊሜትር ያነሰ ከፍታ ሊኖረው አይችልም። እኔ እንደ ባለሙያ ይሄን ሕግ ወድጄዋለሁ። “በግልጽ ይጻፍ” ብሎ አላለፈም፣ ልኩን ሰጠ።

የሚሠራው ቪቴ፣ ሞላ ወይም እጀታ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ለእነዚህ የፌዴራሉ ሕግ የአምራች ፈቃድ አይጠይቅም። ማንኛውም ማሽን ቤት ይሠራቸዋል። ድምፅ ማፈኛና እንደ መትረየስ ማስተኮሻ የሚሆኑ ክፍሎች ከዚህ ውጭ ናቸው። እነሱን እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣ ሌላ፣ ጠንከር ያለ ሕግ ነው የሚገዛቸው። በዚያ ላይ የየስቴቱ ሕግ አለ። ልጁ አለቃውን “ፈቃዱን አሳየኝ” ይበለው። ደህና ሱቅ ከሆነ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል።

ቀልዱን ግን ያቁም። የምሬን ነው። የጠመንጃ ክፍል ሥዕል በኢሜይል ወደ ውጭ አገር መላክ እዚያ ብረቱን ራሱን እንደ መላክ ሊቆጠር ይችላል። ያለ ፈቃድ ከሆነ የሚያስጠይቀው ልጁን ነው። ሥዕሉ እዚህ ቢደርስ ደግሞ የሚያስጠይቀው እርስዎን ነው። ተሠርቶ ወደ አሜሪካ መግባቱም የራሱ ፈቃድ አለው። ስልክ ላይ ለሳቅ ብሎ የላከው ካለ ያጥፉት። ለአክስቱ ልጅ የመጫወቻ መኪና ጎማ አሠርቶ ቢልክ ይሻላል።

“አገራችን ራሷ ጠመንጃ ትሠራለች?” (ተማሪ ነኝ፣ ከአጂፕ)

አዎ፣ የመንግሥት ፋብሪካ አለ። ጋፋት የሚባለው የመሣሪያ ፋብሪካ ስሙን ያገኘው ደብረ ታቦር አጠገብ ካለችው ጋፋት ነው። አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያኑን ሚስዮናውያን መድፍ ያሠሯቸው እዚያ ነበር። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተጎትቶ እስከ መቅደላ ሄደ፤ ዛሬም እዚያው ነው። ጥይት ደግሞ አምቦ አካባቢ ሆሚቾ ይመረታል። ልብ በል፣ እነሚስዮናውያንም ወደው አልነበረም የሠሩት። ወንጌል ሊሰብኩ መጥተው መድፍ አቀለጡ።

“ማኅበር መሥርተን 60 የቡና መፈልፈያ ሻፍት ልንሠራ ተዋዋልን። በቀነ ገደቡ ከ20 በላይ አንችልም። ቀሪውን ለሌላ ቶርኖ ቤት ብንሰጥስ?” (ከፈረንጅ አራዳ)

ስጡ። ግን አፍ ለአፍ አይሁን። “እንደዚህኛው ሥራልኝ” ተብሎ አሮጌ ሻፍት፣ ማለትም የመፈልፈያው የሚዞር ዘንግ፣ ከተሰጠ የሚመለሰው የአሮጌው ሻፍት መንትያ ነው፤ ተበልቶ የሳሳው ቦታ ሳይቀር።

ሥዕል አሠሩ። ልክ ብቻ ሳይሆን የሚፈቀደው ስህተትም ይጻፍበት። ኩሽኔታችሁ ቁጥሩ 6205 ከሆነ የውስጥ ቀዳዳው 25 ሚሊሜትር ነው። ከሻፍቱ ጋር አብሮ እንዲዞር ጥብቅ ማለት አለበት፤ ስለዚህ ሻፍቱ ከ25.002 እስከ 25.015 መሃል ይውጣ። ከዚያ ካነሰ ኩሽኔታው ላዩ ላይ ይንሸራተትና ሻፍቱን ይበላዋል። ከበዛ በመዶሻ ታስገቡታላችሁ፤ በመዶሻ የገባ ኩሽኔታ ደግሞ ዕድሜ የለውም።

እዚህ ላይ ስንቱ ይሸወዳል! ብረቱ ከቶርኖው ላይ እንደተነሳ ትኩስ ነው። ልጁ በጓንት ይዞ ይለካል፣ “25.01፣ ልክ ነው” ይላል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ከአየሩ በ50 ዲግሪ የሞቀ የ25 ሚሊሜትር ብረት በ0.014 ያህል አብጧል። ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ሻፍቱ 24.996 ሆኗል። ማንም አልነካውም፣ ቀዘቀዘ እንጂ። እኔ ይሄን የተማርኩት አንድ ሙሉ ቀን የሠራሁትን ማታ ላይ ስጥል ነው።

ብረቱን እናንተ ግዙ፣ ወይም ዓይነቱን ውሉ ላይ ጻፉ። አለበለዚያ ፌሮ ቆርጦ ያስረክባችኋል፤ ፌሮ ለቤቶን ነው። የመጀመሪያዋን አንድ ሻፍት አይታችሁ፣ ለክታችሁ፣ ፈርማችሁ ሳትቀበሉ 39ኙ አይጀመሩ። የተበላሸውን ብረት ማን ይከፍላል? እሱም ይጻፍ። ተቀባዩ ሳያስፈቅድ ለሦስተኛ ሰው እንዳያሳልፍም ጻፉ። ማን ምን እንደሠራ እንዲታወቅ ለጠመንጃ አሜሪካኖቹ በሕግ ያደረጉትን እናንተ በውል ማድረጋችሁ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚባክነውን ቀንም አስቡ፤ በጅማ ክረምት ያለ መጠባበቂያ ቀን መዋዋል ድፍረት ነው።

“ለዚህ ሥራ ካሊፐር ይበቃል ወይስ ማይክሮሜትር ልግዛ?” (ከዚያው ማኅበር፣ ሌላኛው ልጅ)

ካሊፐር ለዚህ አይበቃም፤ የራሱ የመለካት ስህተት ለሻፍቱ ከሚፈቀደው ስህተት ይበልጣል። ማይክሮሜትር ግዛ። ገበያ ላይ ቶሎ የምታገኘው ከ0 እስከ 25 ሚሊሜትር የሚለካው ነው፤ ርካሽ ስለሆነ አንስተኸው እንዳትሄድ። 25.002 ላይ ስትደርስ ያልቅብሃል። ከ25 እስከ 50 ያለውን ጠይቅ፣ ማይክሮሜትሩ ልክ መሆኑ የሚፈተሽበት የማስተካከያ ዘንግ አብሮ መኖሩንም ሳጥኑን ከፍተህ እይ።