ጨዋማው ገንዳ አረንጓዴ ሲለብስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከጅዳ ስመለስ የለመድኩትን የባሕር ዓሣ ገንዳ ሳሎኔ ውስጥ አቆምኩ። 200 ሊትር ይይዛል፤ ሁለት ዓሣና ኮራል የሚባሉ ጥቂት የባሕር እንስሳት አሉበት። አሁን ድንጋዩን ሁሉ ፀጉር የመሰለ አልጌ ወረሰው። ደፍቼው እንደ አዲስ ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ አትድፊው። እኔ የመጀመሪያ ገንዳዬን ድንጋይ በበረኪና አጠብኩት። ውሃውን የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች አብረው አለቁ፤ ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣው መርዝ፣ አሞኒያ፣ ተነሣና ዓሦቼ ሞቱ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አልጌው የሚበላው ናይትሬትና ፎስፌት የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ነው። የሚመጡት ከተረፈ ምግብና ከምትጨምሪው ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በግፊት በረቂቅ ወንፊት በሚያሳልፍ ማጣሪያ) ሳይጣራ አይግባ። የአፋር ጨውም ለወጥ እንጂ ለኮራል አይሆንም፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያንሰዋል። ለኮራል የተዘጋጀውን ጨው በሊትር 35 ግራም ገደማ በጥብጪ።

ድንጋዩን አንድ በአንድ እያወጣሽ፣ ከገንዳው በቀዳሽው ውሃ በጥርስ ብሩሽ ፈትጊው። በየሳምንቱ 30 ሊትር ቀይሪ። መብራቱን በቀን ወደ 6 ሰዓት አውርጂው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ከጅዳው ያንሳል። ሌሊት ደግሞ አልጌው ራሱ ዓሦቹን ኦክስጅን ይሻማቸዋል። የውሃውን ገጽ የሚያናውጥ ፓምፕ ሌት ተቀን ይሥራ። ማሞቂያው 25 ዲግሪ ላይ ይሁን። በጥቅምቱ ብርድ መብራት ከጠፋ የገንዳውን ጎኖች በጋቢ ጠቅልዪ፤ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕም ይኑርሽ።

ወራት ሊፈጅ ይችላል። ናይትሬቱን ለክተሽ ውጤቱን ጻፊልኝ።