በአንድ ሰው ስም እንዳትጀምሩ፦ ለፍኖተ ሰላሙ ዶክተር

ወንድሜ ዶክተር፣ እዚህ የለጠፍከውን ጥያቄ ትናንት ማታ ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። ሦስት ባልደረቦች ሆናችሁ ፍኖተ ሰላም ላይ ክሊኒክ ልትከፍቱ ነው። አንደኛው ቀድሞ ያወጣው ፈቃድ ስላለው በእሱ ስም ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ ልታስተካክሉ አስባችኋል። ትርፉን ለሦስት እኩል ለመካፈል ተስማምታችኋል። በርካሽ የተገኘ አልትራሳውንድም አለ፤ ሻጩ እየቸኮለ ነው። ከሥር የተሰጡህን መልሶች አየኋቸው። አብዛኛው ሰው «ዋናው መተማመን ነው» ብሎሃል። እኔም በ2009 ዓ.ም. የጀመርኩት ይህንኑ ብዬ ነው።

የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ በሙያው አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ዛሬ ቡሬ ላይ የአምስት ባለድርሻዎች ክሊኒክ ሒሳብና አስተዳደር በእኔ እጅ ነው። ስለ ክፍል ስፋት፣ ስለ ባለሙያ ብዛት፣ ስለ ዕቃ ዝርዝር አልነግርህም፤ መስፈርቱ ላይ ተጽፎ ታገኘዋለህ። የምነግርህ መስፈርቱ ላይ የሌለውን ነው።

አንደኛ፦ በአንድ ሰው ስም አትጀምሩ። ለአንድ ወርም ቢሆን አትጀምሩ።

እኛም ሦስት ነበርን፤ ጠቅላላ ሐኪም፣ ጤና መኮንን እና እኔ። ከተማዋን አልጠራም፣ ምክንያቱም ሰዎቹ ዛሬም እዚያው አካባቢ ይታወቃሉ። ሐኪሙ የበኩር ልጄን ክርስትና ያነሣ አበልጄ ነው። ፈቃዱ በእሱ ስም ነበር። ማኅበር ማቋቋም ጊዜ ይፈጃል፣ ጠበቃም ይፈልጋል ተባባልንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ የባንክ ሒሳቡ፣ የቤት ኪራይ ውሉ፣ የብቃት ማረጋገጫው፣ ሁሉም በእሱ ስም ሆነ። በእኛ መካከል የነበረው አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ነው። «ትርፉ ለሦስት እኩል» ይላል፤ ሁለት ሽማግሌዎች በምስክርነት ፈርመውበታል። አንዱ ቢወጣ ምን ይሆናል የሚል ቃል አልነበረበትም። አበልጅ ይወጣል ብሎ ማን ያስባል?

ሥራው ሰመረ። ከሦስት ወረዳ ሰው ይመጣልን ነበር። የሲቢሲ ማሽን፣ ማለትም የደም ሕዋስ መቁጠሪያ፣ ስንገዛ ባለቤቴ የደረሳትን ዕቁብ እንዳለ አውጥታ ሰጠችኝ። የግዢው ደረሰኝ የተቆረጠው ግን በአበልጄ ስም ነው፤ ፈቃዱ የእሱ ነውና።

በአራተኛው ዓመት አበልጄ የስፔሻሊቲ ትምህርት አገኘ። ደስ አለን፤ በግ አርደን ሸኘነው። ከዚያ ፈቃዱን መመለስ አስፈለገ፤ ለመመለስ የግብር ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለ የሚያሳይ ማስረጃ፣ ተጠየቀ፤ ለክሊራንሱ የአራቱ ዓመት ሒሳብ ተመረመረ። ጉዱ የወጣው እዚያ ላይ ነው። የግለሰብ ነጋዴ ግብር በደረጃ እየጨመረ የሚሄድ ነው፤ በጊዜው በነበረው ሠንጠረዥ ከዓመት ትርፍ ከ130,800 ብር በላይ ያለው በ35 በመቶ ይታሰብ ነበር። የሦስት ሰው ገቢ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ስለተቆለለ አብዛኛው ከዚያ በላይ ሆኖ ተገኘ። ለእኔና ለጤና መኮንኑ የተከፈለንን ወጪ ነው ብለን እንዳናስመዘግብ ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ መዝገብ) የለም፣ የተቆረጠ የሥራ ግብር የለም፣ የጡረታ መዋጮ የለም። ሬጀንቱ፣ የላቦራቶሪ መመርመሪያው ኬሚካል፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ነበር የሚመጣልን፤ ግማሹ ደረሰኝ አልነበረውም፣ ያለውም በካርቶን ውስጥ ተጨማዶ ቀለሙ ጠፍቷል። ወጪ ሆኖ አልተያዘልንም። ከነቅጣቱና ከነወለዱ ሲደመር በእኔ ድርሻ ብቻ 186,000 ብር ደረሰብኝ።

አበልጄ ትምህርት ላይ ስለነበር የምመላለሰው እኔ ነበርኩ። ግብር የሚከፈልበት መሥሪያ ቤት ሦስት ቀን ተሰልፌ፣ ሦስቱንም ቀን «ነገ» ተብዬ ተመለስኩ። በአራተኛው ቀን መስኮቱ ጋ ደረስኩ። ሰውየው ሰማያዊውን ፋይል ከፈተ፣ የፊተኛውን ገጽ አነበበ፣ መታወቂያዬን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ሳያየኝ ፋይሉን በማስመሪያ ጫፍ ወደ እኔ ገፋው። «አንተን አናውቅህም። ባለጉዳዩን ይዘህ ና» አለኝ። አራት ዓመት ሙሉ ደም የቀዳሁበት፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ ዐይኔን የጨረስኩበት ሥራ ነው! ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰምቷል። ያን ዕለት የተሰማኝ ውርደት ዛሬም ሲታወሰኝ ጆሮዬ ይግላል። ሰውየው ግን በሕግ ልክ ነበር፤ ስሜ የትም ቦታ አልነበረም። በማስመሪያ መግፋቱን ግን የትኛውም ሕግ አላዘዘውም። አበልጄ ከሚማርበት ከተማ ውክልና እስኪልክልኝ ሁለት ወር አለፈ፤ የሁለቱ ወር ወለድም ተጨመረ።

ማሽኑን በሽማግሌ አስመለስኩ። አበልጄ ሌባ አይደለም፤ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ዕዳው በስሙ ስለሆነ ከእኔ የባሰ የተጎዳው እሱ ነው፤ ከተማሪ ደመወዙ እየቆረጠ ከፍሏል። ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። ልጄ ለትንሣኤ የክርስትና አባቱን ሊጠይቅ ሲሄድ ግን በር ላይ አድርሼው እመለሳለሁ። አልገባም፤ እሱም ግባ አይለኝም።

ስለዚህ በማኅበር ተቋቋሙ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ በር ከፍቶላችኋል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር በ15,000 ብር ካፒታል መቋቋም ይችላል። ለሙያ አገልግሎት ሰጪዎች የሚሆን ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበር የሚባል ዓይነትም መጥቷል። እኛ የመጀመሪያውን መረጥን። «ማኅበር ከሆናችሁ ገቢያችሁ ትንሽ ቢሆንም ከፍተኛው እርከን የሆነው ደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ናችሁ፤ መዝገብ መያዝ ግዴታ ይሆንባችኋል» ብለው ያስፈራሩህ ይሆናል። እውነት ነው። የትርፍ ግብሩ 30 በመቶ ነው፤ የዓመቱ ሒሳብ ሰኔ 30 ተዘግቶ እስከ ጥቅምት 30 ይቀርባል። እኛን ያዳነን ግን ይኸው ግዴታ ነው። የሒሳብ ባለሙያ ቅጠሩ፤ ሙሉ ጊዜ ባይሆን በወር ጥቂት ቀን የሚመጣ። ለእሱ የሚከፈለውን ገንዘብ አትሰስቱ።

ሁለተኛ፦ የሥራ ክፍያንና የትርፍ ድርሻን ለዩ። «እኩል እንካፈላለን» ያልከው ነገር ከስድስት ወር አያልፍም። የማኅፀን ሐኪማችሁ ቅዳሜ ሃያ አምስት እናቶች ታያለች፤ ሌላው የመንግሥት ሆስፒታል ተረኛ ስለሆነ ደክሞት ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይደርሳል። ወር ሲሞላ እኩል ስትካፈሉ ማንም ምንም አይልም። ሆድ ውስጥ ግን ይቀመጣል። እኛ ያደረግነው ይህ ነው፦ ማንኛውም ባለድርሻ በመጀመሪያ እንደ ተቀጣሪ ሠራተኛ ለሠራው ሥራ ይከፈለዋል። በፔሮል፣ የሥራ ግብር ተቆርጦ። ቋሚ ለሆነውም ጡረታው 7 በመቶ ከራሱ፣ 11 በመቶ ከድርጅቱ ይገባል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የተረፈው ብቻ በድርሻ ይከፈላል። ባለፈው ዓመት አንዱ ባልደረባችን ሁለት ወር ታሞ ተኛ። የሥራ ክፍያ አላገኘም፤ የትርፍ ድርሻው ግን አንድ ብር ሳይጎድል ቤቱ ደረሰ። ማንም አላጉረመረመም። ቤቱ ሄደን ስንጠይቀውም ፊታችን ላይ ሌላ ነገር አልነበረም።

ሦስተኛ፦ ስለ ገንዘብ ተቀባይ። እዚህ ላይ የሠራነውን ግፍ ልንገርህ።

ቡሬ በጀመርንበት ዓመት ገቢው ከምናየው በሽተኛ ጋር አልመጣጠን አለኝ። ሲቢሲ ማሽን የሠራውን ናሙና ሁሉ ይቆጥራል፤ አይዋሽም፣ አይረሳም። አንድ ማታ ሁሉም ከሄደ በኋላ ቆጣሪውን ከደረሰኙ ቁራጭ ጋር አስተያየሁ። ማሽኑ 31 ይላል። ሁለቱ ማሽኑ በትክክል መሥራቱን ለመፈተሽ ጠዋት የሠራሁት ኮንትሮል ነው፣ አንዱ ናሙናው ስለረጋ የደገምኩት ነው፤ 28 ይቀራል። ደረሰኙ 24 ነው። አራት ሰው አልከፈለም። ሳምንት ሙሉ ደጋገምኩት፤ በየቀኑ ሦስትም አራትም ይጎድላል። ልጅቷን ልናሰናብታት ደብዳቤ አርቅቀን ነበር። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ስንጠይቃት አለቀሰች እንጂ አልተከራከረችም።

እኔ ግን ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት የላቦራቶሪ መጠየቂያ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ያልተከፈለባቸው ሁሉ ጥግ ላይ የሐኪም ፊርማ አለባቸው። «ዘመዴ ናት»፣ «ጎረቤቴ ነው»፣ «የደብሩ አለቃ ናቸው»። ሌቦቹ እኛ ባለቤቶቹ ነበርን! ገንዘብ ተቀባይዋ ባለድርሻ ሐኪም «አሳልፊው» ሲላት እምቢ ማለት ትችላለች? አምስታችንም ቆመን ይቅርታ ጠየቅናት። ዛሬም ከእኛ ጋር ናት፤ የካርድ ክፍሉም ኃላፊ ሆናለች።

ከዚያ በኋላ ነፃ ሕክምና አልከለከልንም። በእኛ አገር የአክስትህን ልጅ አስከፍለህ እንዴት ወደ ገጠር ትመለሳለህ? ቅጽ አወጣንለት። ባለድርሻው ይፈርማል፣ ዋጋው በስሙ ይመዘገባል፣ ዓመት ሲዘጋ ከትርፍ ድርሻው ይቀነሳል። በመጀመሪያ የተቆረጠበት እኔ ነኝ፤ ለእናቴ የስኳርና የኩላሊት ምርመራ። የተቆረጠብኝን ገንዘብ ኮርቼበታለሁ። እናቴም «ልጄ ከፈለልኝ» ብላ ነው የምታወራው። ዘመድ የሚባለው ቁጥር በሁለት ወር ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ። ቆጣሪውን አሁንም ማታ ማታ አያለሁ። አልትራሳውንድ ላይም በተቀመጠው የምስል ብዛት እንደዚሁ ማድረግ ትችላላችሁ።

ስለ ገቢው ወቅት ደግሞ፦ አንተ ያደግህበት አገር ስለሆነ ታውቀዋለህ፤ ሐኪሞች ግን ይረሱታል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባው ያጨናንቃችኋል። በቆሎና በርበሬ ሲሸጥ ገበሬው ዓመት ሙሉ የቻለውን ሕመም ይዞ ይመጣል። ሐምሌና ነሐሴ ግን የቤት ኪራይ የማይሸፍንበት ሳምንት አለ። የታኅሣሥን ገንዘብ አይታችሁ እንዳትካፈሉ። የሦስት ወር ደመወዝ፣ ኪራይና ሬጀንት በባንክ ሳይቀመጥ ትርፍ አይወጣም የሚል አንቀጽ በመተዳደሪያ ደንባችን አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ የሬጀንት ዋጋ ሽቅብ ወጣ። በጥሬ ገንዘብ ፈጥነን የገዛነው በዚያ ተቀማጭ ነው፤ አንድም ምርመራ አላቋረጥንም። ይህን አንቀጽ ሳስገባ «ፈሪ ነህ» ብለውኝ ነበር። የባንኩ ሒሳብ በጣምራ ፊርማ ይሁን፤ ይህ አያከራክርም።

የድርጅቶች የዱቤ ሕክምና ውል ሲመጣላችሁ ደስ አይበላችሁ። አንድ ድርጅት የሰባት ወር ሒሳባችንን ይዞ አመላልሶናል። ጣሪያ አስቀምጡለት፤ ጣሪያው ሲሞላ ያለ ይሉኝታ አቁሙ። የትራፊክ አደጋ ተጎጂ ሲመጣ ግን ገንዘብ እንዳትጠይቁ፤ በሦስተኛ ወገን መድን ሕጉ መሠረት የድንገተኛ ሕክምና ወጪ እስከ ተወሰነ መጠን ይሸፈናል።

የመውጫውን አንቀጽ ከመግቢያው በፊት ጻፉት። የሚወጣ ሰው የስድስት ወር ማስታወቂያ ይሰጣል። ድርሻውን ገለልተኛ ሰው ይገምተዋል፣ ክፍያው በሁለት ዓመት ይጠናቀቃል፣ ቅድሚያ የመግዛት መብት የቀሩት ነው። ትምህርት የሚሄድስ? ውጭ አገር የሚሄድስ? የሚሞትስ? እኛ ስለ ሞት ስንጽፍ አንዱ ባልደረባችን አማትቦ ተነሥቶ ወጣ። በማግስቱ ባለቤቱን ይዞ መጣና ፈረመ። ሚስቶቻችሁና ባሎቻችሁ ሲፈረም ይቀመጡ፣ ይስሙ። ዕቁቡን የሚያወጡት እነሱ ናቸው።

አልትራሳውንዱን በተመለከተ፦ ሻጩ «እስከ ሰኞ ብቻ» ብሏል ብለሃል። ማኅበሩ ሳይመዘገብ በማንም ስም ደረሰኝ እንዳይቆረጥ ብትጠብቁ እመርጣለሁ፤ ቀብድ ሰጥታችሁ አቆዩት። አልጠብቅም ካለና የግድ ከሆነ፣ የገዛው ሰው ማሽኑን በዓይነት እንዳዋጣ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነና ስንት ድርሻ እንደሚያስገኝለት በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ይግባ። ሰኞ ከመድረሱ በፊት አብርታችሁ ፕሮቦቹን (በሽተኛው ላይ የሚያርፉትን መመርመሪያዎች) ሁሉ ሞክሩ፤ አንድ ፕሮብ ተበላሽቶ ከሆነ ርካሽ አይደለም። የእኛን መተዳደሪያ ደንብ ስሞቹን ሸፍኜ ዛሬ ማታ እዚሁ እለጥፍልሃለሁ፤ ስለ መውጫ የሚናገረውን ዘጠነኛውን አንቀጽ ሦስታችሁም አንድ ላይ ሆናችሁ አንብቡት።