አንድ ሺህ ፓውንድ በአራት ብር፣ አንድ ፓውንድ በአራት ብር ተኩል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ አባቴ በርበሬና ባቄላ ወደ መተማ እየላከ ለሱዳኖች ይሸጥ ነበር። የሒሳብ ደብተሩን ሳገላብጥ ግራ ገባኝ። በ1950ዎቹ መጨረሻ አንድ የሱዳን ፓውንድ 7 ብር ከምናምን ይላል። በ1998 ደግሞ 1,000 ፓውንድ 4 ብር ገደማ። በ2000 ተመልሶ አንዱ ፓውንድ 4 ብር ተኩል። ተሳስቶ ጽፎት ይሆን?

መልስ፦ አባትዎ አልተሳሳቱም። ሦስቱም ልክ ናቸው። የተለወጠው «ፓውንድ» የሚባለው ነገር ራሱ ነው፤ ስሙ እዚያው እያለ ከሥሩ ሦስት ዜሮ ተነሥቶለታል።

የሱዳን ፓውንድ በ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1957) የግብፅን ፓውንድ አንድ ለአንድ ተክቶ ሲወጣ 2.87 የአሜሪካ ዶላር ያወጣ ነበር። የእኛ ብር ደግሞ 2.50 ገደማው አንድ ዶላር ነው። ሲባዛ ከ7 ብር ያልፋል፤ የደብተሩ የመጀመሪያ መስመር ይኸው ነው። (በዘመኑ የውጭ ሰነድ ላይ «የኢትዮጵያ ዶላር» የሚል ካጋጠመዎት ሌላ ገንዘብ እንዳይመስልዎት። በአማርኛ ምንጊዜም ብር ነበር፤ የውጭው ስም የተከተለው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው።)

ከዚያ ወዲህ ቁልቁለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ዶላር ራሱ ሲረክስ የብር ተመን 2.07 ላይ ቆመና ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው እዚያው ቆየ፤ ፓውንዱም ወደ 6 ብር ወረደ። ሱዳን ከ1978 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደጋግማ የገንዘቧን ዋጋ ዝቅ አደረገች። የካቲት 1992 (እ.ኤ.አ.) ላይ አንድ ዶላር 90 ፓውንድ ገባ። በ2.07 ብር ያስሉት፤ 7 ብር የነበረው ፓውንድ 2 ሳንቲም ከምናምን ሆነ ማለት ነው።

ሰኔ 1984 ዓ.ም. ዲናር መጣ፤ አንዱ ዲናር 10 ፓውንድ። ኖቱ ላይ ዲናር ይጻፍ እንጂ የገበያው ሰው በድሮው ፓውንድ መቁጠሩን አልተወም፤ አባትዎም እንደ ገበያው ጻፉ። በ1998 አንድ ዶላር ከ200 ዲናር በላይ፣ ማለትም ከ2,000 የድሮ ፓውንድ በላይ ነበር፤ በእኛ ደግሞ 8 ብር ከ70 ገደማ። 1,000 ፓውንድ 4 ብር አካባቢ የሚሆነው በዚህ ነው። ጥር 2 ቀን 1999 ዓ.ም. አዲሱ ፓውንድ 100 ዲናርን ተካ፣ ይኸውም 1,000 የድሮ ፓውንድ። የትናንቱ ሺህ ዛሬ አንድ ሆነ፤ አራቱ ብር ግን ከቦታው ብዙም አልተነቃነቀም። ጥንት የጎጃሙ ባሶ ገበያ በጠገራ ብር (በማሪያ ቴሬዛ) ሲገበያይ ሱዳኑም ያንኑ 1780 የሚል ጠገራ ያውቀው ነበርና፣ የዚያን ዘመን ነጋዴ ይህ ራስ ምታት አላገኘውም።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ለመመረቂያ ጽሑፌ ከ1985 እስከ 2013 የነበረውን የብርና የሱዳን ፓውንድ ምንዛሪ እየሰበሰብሁ ነው። ቀጥተኛ ተመን አጣሁ። የሁለቱን የዶላር ተመን ማካፈል ይበቃል?

መልስ፦ ማካፈሉ ቀላሉ ነው። አንድ ዶላር የሚያወጣውን ብር፣ አንድ ዶላር ለሚያወጣው ፓውንድ ያካፍሉ፤ የአንድ ፓውንድ ዋጋ በብር ይመጣል። ጣጣው የሚያካፍሉት ቁጥር ላይ ነው።

የካቲት 2013ን ይመልከቱ። ዶላር እኛ ዘንድ 40 ብር ገደማ ነበር። የካቲት 13 ላይ የሱዳን ይፋዊ ተመን 55 ነውና 40 ለ55፣ 73 ሳንቲም። በማግስቱ ሱዳን ተመኑን 375 አደረገችው፤ 11 ሳንቲም እንኳ አይሞላም። የፈረንጆቹን ፌብሩዋሪ አማካይ ቢወስዱ (20 ቀን በ55፣ 8 ቀን በ375) 27 ሳንቲም ይወጣልዎታል፤ በዚህ ዋጋ ግን አንድም ሰው አልመነዘረም። ስለዚህ እንዲህ ባለ ወር አማካዩን ትተው የወሩን መጨረሻ ይያዙ። ደግሞም የካርቱም ጥቁር ገበያ ከዚያ ቀን በፊትም 375 አካባቢ ስለነበር መተማ ላለው ነጋዴ ያ ቀን ብዙም የተለየ አልነበረም። ይፋዊውን ከይፋዊ፣ ጥቁሩን ከጥቁር እንጂ አያዳቅሉ።

ሁለተኛው ወጥመድ ዜሮው ነው። የዲናሩን ቁጥር ለ100፣ የድሮውን ፓውንድ ለ1,000 አካፍለው ወደ አዲሱ ፓውንድ ያምጡ። ነገር ግን ቀድመው የለወጡ ሰንጠረዦች ስላሉ ሁለቴ እንዳያካፍሉ። መፈተኛው ይህ ነው፦ የካቲት 1992ን (እ.ኤ.አ.) ይፈልጉ። 90 ካለ በድሮው ፓውንድ፣ 9 ካለ በዲናር፣ 0.09 ካለ በአዲሱ ነው። ብር ዜሮ ተነሥቶለት አያውቅምና በእኛ በኩል ይህ ሥራ የለም። የእኛው መርከስ ደረጃ ደረጃ ነው፤ በ1985 ከ2.07 ወደ 5፣ በነሐሴ 2002 መጨረሻ ከ13 ብር ከምናምን ወደ 16 ከምናምን፣ ጥቅምት 2010 ላይ ደግሞ 15 በመቶ።

የዓመቱን ነገር አይርሱ። የብሔራዊ ባንክ ዓመታዊ ቁጥር ከሐምሌ እስከ ሰኔ፣ የሱዳኑ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። ዓመት ከዓመት ሳይሆን ወር ከወር ያዛምዱ።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ወንድሜ ከገዳሪፍ ሲመለስ ባለ 1,000 ፓውንድ ኖቶች ይዞ መጥቷል። ይጠቅሙ ይሆን?

መልስ፦ በታኅሣሥ 2017 የሱዳን ማዕከላዊ ባንክ ጦሩ በሚቆጣጠራቸው ግዛቶች ባለ 500ና ባለ 1,000 ኖቶችን መቀየር ጀምሮ ነበር። ይቀየር የነበረውም ገንዘቡ ባንክ ሒሳብ ገብቶ ነው፤ በ2013 እኛ ባለ 100ውን ስንቀይር ለትልቅ ገንዘብ እንደሆነው። አሮጌው ኖት እጅዎ ላይ ከሆነ ዕድሉ ጠባብ ነው። ጦርነቱ ከተነሣ ሚያዝያ 2015 ወዲህ ዶላር በጥቁር ገበያ ከ2,000 ፓውንድ በላይ ስለተሻገረ 20 ኖት ቢኖርዎት እንኳ 10 ዶላር አይሞላም። መተማ ደርሶ መልስ የትራንስፖርቱን አስቀድመው ያስሉ።