ጠርሙስ ካልመጣ ምን ሊሞላ ነው?

ውድ ወጣት መሐንዲሶች፣

ሰሞኑን አንዲት ጀማሪ መሐንዲስ «አለቃዬ ሲሙሌሽን (የፋብሪካን ሥራ ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ ማሠራት) የኮምፒውተር ጨዋታ ነው ይላሉ፤ ጥቅሙን በብር እንዴት ላስረዳቸው?» አለችኝ። ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሳኝ።

በወጣትነቴ አንድ የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር። ምርት አነሰ ተባለና አዲስ መሙያ ማሽን ለመግዛት ስብሰባ ተጠራ። አሮጌው በሰዓት 20,000 ጠርሙስ ይሞላል፤ አዲሱ 24,000። ማጠቢያውም 24,000 ያጥባል። ወረቀት ላይ ልክክ ይላል።

የእኔ ደብተር ግን ሌላ ይናገር ነበር። ማጠቢያው በየ20 ደቂቃው ገደማ ጠርሙስ እየተሰካካበት 4 ደቂቃ ይቆማል። ከማጠቢያው እስከ መሙያው ጠርሙስ የሚያጓጉዘው ተንቀሳቃሽ መስመር፣ ኮንቬየሩ፣ የሚይዘው 700 ጠርሙስ ነው፤ ለሁለት ደቂቃ ብቻ። ከዚያ መሙያው ይቆማል። ያ ሁሉ የጠርሙስ ኳኳታ ድንገት ጸጥ ሲል አሁንም ይሰማኛል። የማጠቢያው ኦፕሬተር፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ጠርሙስ ካልመጣ ምን ሊሞላ ነው?» አሉኝ።

ስብሰባው ላይ ደብተሬን ጭኔ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ። ትልልቆቹ እያሉ እኔ ምን ብዬ? ኤልሲው (ለውጭ ግዢ በባንክ የሚከፈተው የክፍያ ዋስትና) ወራት ፈጅቶ ማሽኑ መጣ። ከተጠበቀው የ4,000 ጭማሪ ግማሹም አልተገኘም። በኋላ ሳሰላው፣ ማሽኑ የሰጠንን ያንኑ ጭማሪ 2,000 ጠርሙስ የሚይዝ ኮንቬየር ብቻ ይሰጠን ነበር፤ ማጠቢያው ቆሞ እስኪነሳ መሙያው ከእሱ ላይ እየወሰደ ይሞላ ነበርና። እሱን ደግሞ የራሳችን በያጆች ይሠሩት ነበር። ለዚያ ሁሉ ዶላር አሁንም ይቆጨኛል።

ስለዚህ ለአለቃሽ ስለ ሶፍትዌር አታውሪ። «ማሽኑን ከመግዛታችን በፊት ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓመት እናሠራው» በያቸው። አማካይ ቁጥር መቆሙንና መጠበቁን ይደብቃል፤ ኮምፒውተር ላይ የተሠራው ሞዴል ግን ደቂቃ በደቂቃ ያሳያል።

የዛሬ ልጆች ፈጣን ናችሁ፤ ግን ማሽን አጠገብ መቆም አትወዱም። ያማረ አኒሜሽን ታመጣላችሁ፤ ማሽኑ በቀን ስንቴ ይቆማል ስል መልስ የለም። ሰዓት ይዞ መቆም ይቀድማል። እንዲህ እላለሁ እንጂ፣ እኔ ሰዓት ይዤ ቆሜ ደብተሬ ማንን አሳመነ? መሙያው ሲቆም ስክሪን ላይ ባሳየኋቸው ኖሮ ያምኑኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። አኒሜሽኑንም ሥሩት።

ደብተሩ አሁንም ቤቴ አለ። ገጾቹን ፎቶ አንስቼ ለጠያቂዬ እልካለሁ። የእኔ ስሌት ማጠቢያው እኩል እኩል ጊዜ እየጠበቀ እንደሚቆም አድርጎ የወሰደ ነው፤ እውነቱ ግን ዝብርቅርቅ ነበር። ሲምፓይ የሚባለው የፓይተን የሲሙሌሽን መሣሪያ በነጻ ይገኛል፤ ደብተሩ ላይ ያሉትን ትክክለኛ የመቆሚያ ሰዓቶች አስገብታ ትሞክረው። መልሱን እጠብቃለሁ።